ሳን ማሪኖ በቀጨሞ አፋፍ

ቅዳሜ፣ ጥር 12

ቆርቆሮውን ይወስዱታል። እንደዚያ ነው የተባለው። ከደባርቅ የተላከው መልእክተኛ ጠዋት መጣ፤ ከበቅሎው እንኳ ሳይወርድ ተናግሮ ተመለሰ። ማክሰኞ ጥር 22 ከወረዳ አንድ ጓድ ለቁጥጥር ይመጣል። እስከዚያ የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ቆሞ ካልተመረገ ቆርቆሮው ተነቅሎ፣ በበቅሎ ተጭኖ ደባርቅ ይገባል። «ልጆቹም ደባርቅ ሄደው ይማራሉ» አለ።

ለአፍ ቀላል ነው። ከቀጨሞ አፋፍ ደባርቅ ለጎረምሳ እግር ግማሽ ቀን ይፈጃል። ትልልቆቹ ወንዶች ዘመድ ተጠግተው ይማሩ ይሆናል። ትንንሾቹ አይሄዱም። ሴቶቹማ ጭራሽ። ተማሪዬ የዝና አትሄድም።

ትምህርት ቤት ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ልጻፈው፣ ኋላ ሳነበው እንዳላሳምረው። ምሰሶ፣ ከላይ ቆርቆሮ፣ በቃ። ነፋሱ ከገደሉ ሽቅብ ይመጣና የጠመኔውን ብናኝ አይኔ ውስጥ ይሞጅረዋል። ዝናብ ሲሆን ሁላችንም መሐል ላይ እንደ በግ እንጠጋጋለን።

የሚያስፈልገን፦ አጣና፣ ማገር፣ ልጥ፣ ጭድ፣ ውሃ፣ አፈር፣ ሰው። አጣናው ያለው በላይኛው መንደር፣ ላይ አምባ ነው። ውሃውና ጭዱ በታችኛው፣ ታች አምባ። ሰውም ሁለቱ ቦታ ተከፍሎ ነው ያለው፣ ችግሩም እሱ ነው።

እውነቱን ልጻፍ። መልእክተኛው ሲናገር መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «እንግዲያ እኔም ደባርቅ ልመደብ ነው» የሚል ነበር። መብራት። ሬዲዮ። የማዋራቸው መምህራን። ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ። ከዚያ የዝና ቀና ብላ ቆርቆሮውን አየችው። ሊሄድ የተነሣ ዘመድ እንደሚታይ አድርጋ ነው ያየችው። አፈርኩ።

እሑድ፣ ጥር 13

ከቅዳሴ በኋላ ሁለቱንም ወገን ላሰባስብ ሞከርኩ። ሞኝ ነኝ። ላዮች ጊዮርጊስ ያስቀድሳሉ፣ ታቾች ቂርቆስ። ከሁለቱ ደብር የሚወጣ ሰው የሚገናኝበት መንገድ እንኳ የለም።

መጀመሪያ ወደ ጋሽ ደሴ ሄድኩ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበርም፣ የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ሰብሳቢም እሳቸው ናቸው፤ የየዝና አባት። የላይ አምባ ሰው።

«አጣናው ሞልቷል» አሉኝ። «ታቾች ይምጡና ይሥሩ፣ እኔ አሠራቸዋለሁ።»

ወረድኩ። የቂርቆሱ ቄስ አለባቸው በደጃቸው ፀሐይ ይሞቃሉ። በትሕትና አስቀመጡኝ፣ ጠላ አስቀዱልኝ፣ ሰምተው ጨረሱ።

«ልጄ፣ ጭዱም አለ፣ ውሃውም ይወርዳል። እኛ ግን በደሴ ጅራፍ ሥር አንሠራም።»

«አባ፣ ጅራፍ ምን አመጣው?»

«አንች አልነበርሽም። ቆርቆሮው ሲመጣ ከመኪናው መንገድ ድረስ በጫንቃ ያወጣነው እኛ ነን። ላዮች ለምርቃቱ በሬ ጥለው ይጠብቁን ነበር። ስንደርስ አጥንቱ ነው የቀረው። ቆርቆሮውን እኛ ተሸከምን፣ ሥጋውን እነሱ በሉ።»

ላዮችን ስጠይቅ ደግሞ «ዘገዩ፣ ሥጋ ይጠብቃል እንዴ?» ይላሉ። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ግድግዳ ያጣነው በአንድ በሬ ነው።

የእኔም ጥፋት አለበት። ስመጣ የተከራየሁት ላይ አምባ እማሆይ አበባ ቤት ነው። ሌላ ባዶ ክፍል አልነበረም። ታቾች ግን «የላዮቹ አስተማሪ» ነው የሚሉኝ። ዛሬ ነው የሰማሁት።

ሰኞ፣ ጥር 14

አምስተኛና ስድስተኛን አንድ ላይ አስተማርኩ። የአውሮፓ ምዕራፍ ላይ ነን። መጽሐፉ ትልልቆቹን ዘርዝሮ ሲያበቃ «ከእነዚህም ሌላ ትንንሽ አገሮች አሉ» ብሎ ያልፋል። አንድ መስመር! ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የመመረቂያ ጽሑፌን የሠራሁት በነዚያ «ሌላ» በተባሉት ላይ ነው። ጓደኞቼ «ሞናኮን ምን ልታደርጊያት ነው?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ለምን እንደወደድኳቸው አላውቅም። ትልቅ አገር እንዴት እንደሚኖር ማንም ይገባዋል፤ ትንሽ አገር እንዴት እንደሚኖር ግን ማወቅ ያጓጓል።

ዛሬ ሳን ማሪኖ። በጣሊያን ተከባ ተራራ ላይ የተቀመጠች ሪፐብሊክ። «ተራራ» ስል ሁሉም ጆሮውን አቆመ። ቁመቱ 750 ሜትር እንደማይሞላ ነገርኳቸው።

ማንደፍሮ እጁን አወጣ፤ የታች አምባ ልጅ ነው፣ ሲናገር እንደ ሽማግሌ ጉሮሮውን ይጠርጋል። «መምህር፣ ጫፉ ነው ወይስ እግሩ?»

«ጫፉ።»

«እንግዲያ ከዛሪማ ያንሳላ! ዛሪማኮ ቆላ ነው፣ ወባ አገር!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከሊማሊሞ ሥር ያለችው ዛሪማ ከአውሮፓ ተራራ መብለጧ ቀኑን ሙሉ ሲያስቃቸው ዋለ። የዝና ግን አልሳቀችም። «ንጉሥ ከሌላቸው ማን ይገዛቸዋል?» አለች።

ሁለት አለቆች አሏቸው አልኩ። እኩል ናቸው። አንዱ ያለ ሌላው ምንም አይወስንም። ስድስት ወር ይሠራሉ፣ ከዚያ ይወርዳሉ። ከወረዱ በኋላ ደግሞ የተበደለ ሰው ቢኖር ቀርቦ ይከሳቸዋል፣ ይጠየቃሉ።

ሁሉም እርስ በርስ ተያዩ።

«እኛም እናድርግ» አለች የዝና።

አደረግን። ሁለት የክፍል አለቆች፣ ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ፣ ትምህርት ቤት እስኪዘጋ። የዝናና ማንደፍሮ ተመረጡ። ጥቁር ሰሌዳ ማን ያጥፋ በሚለው ወዲያው ተጣሉ። ያው ሥራ ጀመሩ ማለት ነው።

ማክሰኞ፣ ጥር 15

የቂርቆስ ንግሥ። የታች ልጆች አልመጡም። የላዮቹ መጡ፤ ላዮች በዓመቱ ጊዮርጊስን እንጂ ቂርቆስን እንደ ደብራቸው አያከብሩም። የዝና ብቻዋን አለቃ ሆና ዋለች።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ደሴ አስጠሩኝ። ማሳ ዳር ቆመዋል፣ ፊታቸው አይታይም፣ ባርኔጣቸውን ወደ ታች ስበውታል።

«ስድስት ወር የሚሉት ወሬ ምንድን ነው?»

የዝና ማታ እራት ላይ «አባዬ፣ ሳን ማሪኖ ብትሆን ኖሮ እስካሁን ስንት ጊዜ ወርደህ ተከሰህ ነበር» ብላቸዋለች። በዚህ ዘመን! ስለ አንዲት የተማረች ልጅ «መሪዎች በስድስት ወር ይውረዱ እያለች ታስተምራለች» ተብሎ ደባርቅ ቢነገር ምን እንደሚመጣ ሁለታችንም እናውቃለን።

«የጂኦግራፊ ትምህርት ነው፣ ጋሽ ደሴ» አልኩ። ከዚያ ትዝ አለኝ። «ደግሞ በእነሱ መንግሥት ውስጥ ኮሙኒስቶች አሉ። አሁን። በምርጫ ገብተው።»

«ከሳን ማሪኖ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ቀድመሽ እንዲህ አትይም!» አሉና ባርኔጣውን ቀና አደረጉት። እየሳቁ ነው! ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንች ልጅ፣ እኔስ ስድስት ወር ቢሉኝ በወደድኩ። ዘጠኝ ዓመት ተሸከምኩት። መዋጮ ሰብስብ ደሴ፣ ሰው አስወጣ ደሴ፣ ክሱ ደሴ፣ እርግማኑ ደሴ። የገዛ አማቴ ለቅሶ ላይ ፊቷን አዞረችብኝ። ለእኔ የነገርሽኝን ግን ለደባርቅ ሰው እንዳትደግሚው።»

ልሄድ ስል የዝና ከኋላችን መጣች። ትሰማን ኖሯል። «ዛሬ ማንደፍሮ ንግሥ ላይ ነው፣ እኔ ብቻዬን አዘዝኩ። ዓርብ እኛ ጊዮርጊስ ስንውል እሱ ብቻውን ያዛል። አልተጣላንም» አለች።

ጋሽ ደሴ ልጃቸውን ረጅም ጊዜ አዩዋት። «ዓርብ እኛ ጊዮርጊስ ስንውል…» አሉ ለራሳቸው።

ረቡዕ፣ ጥር 16

ሐሳቡ እንዲህ ነው። ላዮች ሐሙስ አጣናቸውን አምጥተው ያቁሙ፣ ማገሩን ይምቱ። ታቾች አይመጡም። ዓርብ ላዮች በሙሉ ጊዮርጊስ ንግሥ ላይ ናቸው፤ ያን ቀን ታቾች መጥተው ጭቃውን ያቡኩ፣ ይምረጉ። ጋሽ ደሴ በበዓላቸው ቀን ከደብሩ አይወጡም። ማንም በማንም ጅራፍ ሥር አይውልም። ጋሽ ደሴ እሺ አሉ። «ለአለባቸው ግን እኔ አላልኩም፣ ልጆቹ ናቸው ያሉት በይው» አሉኝ።

ከሰዓት በፊት ክፍል ነበረኝ። አንዶራ። በፈረንሳይና በስፔን መካከል የተሰነቀረች የተራራ አገር፤ ሁለት የበላይ አላት፣ አንደኛው የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት፣ ሁለተኛው ጳጳስ። ጳጳስ መግዛቱ የቄስ ልጆችን ምንም አልገረማቸውም። ሕዝቡ በየጊዜው ለጳጳሱ ዶሮ፣ አይብና የአሳማ ሥጋ ግብር ያመጣል ስል ግን ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ኤጭ!» አለ። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ያለች ልጅ አፏን ያዘች። ረቡዕም ነው፣ ጾምም ነው። አንዶራ እዚህ ስሟ አይነሣም ከእንግዲህ።

ከዚያ ወረድኩ ወደ ቄስ አለባቸው። ማንደፍሮ ቀድሞኝ ሁሉንም አውርቷል።

«ከጳጳሱ ይልቅ ለሕዝቡ አዘንኩ» አሉ። «ሁለት ጌታ! እኛ አንዱን ባላባት ስንት ዘመን ተሸከምነው።» ከዚያ ቀረብ አሉ። «ደሴ እውነት አይመጣም?»

«አይመጡም፣ አባ።»

«ልጆቹ ናቸው ያሉት?»

«ልጆቹ ናቸው።»

«በጊዮርጊስ ቀን መሥራት…» ጢማቸውን አሻሹ። «በየወሩ ሃያ ሦስትን እናከብራለን። የጥር አሥራ ስምንቱ የላዮች ንግሥ ነው። ለልጆች ቤት ጭቃ ማቡካት እርሻ አይደለም። ሰማዕቱ አይከፋም።»

እየዘለልኩ ወጣሁ። ገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሣር ሲነጩ አገኘኋቸው፤ ለእነሱም ነገርኳቸው።

ሐሙስ፣ ጥር 17

ላዮች ወጡ! ወንዶቹ ቆርጠው፣ ሴቶቹ ተሸክመው። አጣናው በጀርባቸው ሲንሸራተት ከሩቅ ጫካው ራሱ የሚሄድ ይመስላል። እኔ ልጆቹን ሜዳ ላይ አስተማርኩ፣ መዶሻው እየጮኸ።

ሊክተንስታይን። ወታደር የላትም፣ ከተወችው መቶ ዓመት አልፏታል። በልዑል ትመራለች። በምርጫ ደግሞ ሴቶቿ እስከ ዛሬ ድምፅ አይሰጡም። አይስላንድ ግን፣ ከባሕሩ ወዲያ፣ ሴት ፕሬዚዳንት አላት። የአይስላንድ ሸንጎ ሲጀመር እንደኛ ክፍል ግድግዳ አልነበረውም፣ ሜዳ ላይ ነው የተቀመጡት ስል ማንደፍሮ ጉሮሮውን ጠረገ። «ቆርቆሮስ ነበራቸው?»

«አልነበራቸውም።»

«እንግዲያ እኛ እንበልጣለን።»

የየዝና እናት አጣናዋን ጥላ ላቧን እየጠረገች ቆማ ትሰማ ነበር። «ያቺ ሴቶቿ የማይመርጡባት ማን አልሻት?»

«ሊክተንስታይን።»

«ጎሽ። እኛስ እጅ አውጡ ሲሉን እናወጣለን። ስንናገር ነው እንጂ ‹ቀጥሎ!› የሚሉን።» ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። ጋሽ ደሴ ማገር እየመቱ ነበር፤ ያልሰሙ መሰሉ።

ማታ ላይ ከአራቱም ወገን እንጨቱ ቆሟል። የአጣና ጠረን። በማገሩ መካከል ሰማዩ ይታያል። በሩ ወደ ላይ አምባ በኩል ነው። አላሰብኩበትም። ለምን አላሰብኩበትም?

ዓርብ፣ ጥር 18

ጠዋት ከእማሆይ አበባ ጋር ጊዮርጊስ ሄድኩ። አለመሄድ አይቻልም ነበር። ታቦቱ ወጥቶ ሲገባ ሰዉ ገና እልልታ ላይ ሳለ ሾልኬ ወረድኩ።

ታቾች ከጎህ ጀምሮ ነው የዋሉት። ጭቃው በጭድ ተቦክቶ፣ ወንዶቹ እስከ ጉልበታቸው ገብተው ይረግጣሉ፣ ሴቶቹ በእጃቸው ይመርጋሉ። ሁለቱ ጎኖች አልቀዋል። ማንደፍሮ አፍንጫው ላይ ጭቃ ደርቆበት እየዞረ ያዛል። ልቤ ሞላ። ከዚያ ወደ ታች አምባ ወደሚያየው ጎን ዞርኩ።

ቆርጠውታል። ማገሩን በመጥረቢያ ቆርጠው ሌላ በር አውጥተዋል።

«አባ! ይኼ ምንድን ነው?»

ቄስ አለባቸው እጃቸውን በጭድ ያብሳሉ። «በር ነው።»

«በርማ አለው!»

«እሱ የላዮች ነው። የእኛ ልጆች እንደ ፍየል በጓሮ ዞረው ይግቡ? ውሃው የእኛ፣ ጭዱ የእኛ፣ ጀርባው ለእኛ?»

ከወረዳ የተሰጠኝ የቤቱ ንድፍ ሥዕል አንድ በርና ሁለት መስኮት ይላል። ቦርሳዬ ውስጥ አለ። አንድ በር። ልለምን፣ ልቆጣ፣ ልሳቅ አላወቅሁም። ጭቃው ግን እያለቀ ነው፣ ሰዓቱም ሄዷል። እኔም እጅጌዬን ሰብስቤ መረግሁ።

ፀሐይ ሲያዘቅዝቅ የዝና እየሮጠች መጣች። «አባዬ ጭቃችሁን ሳትታጠቡ ኑ ብሏል።»

ማንም አልተነቃነቀም።

«ብትታጠቡ ትዘገያላችሁ ብሏል። ዛሬ ዓርብ ነው፣ ሥጋ የለም፣ ማንም ማንን አይቀድምም ብሏል።»

መጀመሪያ አንድ ሽማግሌ ሳቀ። ከዚያ ሁሉም። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ የለበሱ የታች ሰዎች ጊዮርጊስ ግቢ ሲገቡ ላዮች ተነሥተው ቦታ ለቀቁላቸው። ሽሮ፣ አዚፋ፣ ጠላ። ጋሽ ደሴ በእጃቸው ለቄስ አለባቸው ቀዱላቸው። ስለ ሁለተኛው በር ታቾች አንድ ቃል አልተነፈሱም። እኔም አልተነፈስኩም።

ቅዳሜ፣ ጥር 19

ጋሽ ደሴ አዩት።

ልጽፈው አልችልም የተናገሩትን። ዋናው ግን «የእኔን ማገር ማን ቆረጠው?» ነው። ከሰዓት ሁለቱም ወገን ቤቱን ከበው ቆሙ፣ ላዮች በላይ በኩል፣ ታቾች በታች በኩል፣ እኔ መሐል፣ ውስጥ። በአንዱ በር ወጥቼ እማለዳለሁ፣ በሌላው ወጥቼ እማለዳለሁ። አንዱ በር ይደፈን እላለሁ። ሁሉም «ይደፈን!» ይላል። «የቱ?» ስል «የዚያኞቹ!» ይላል።

«ሁለት አለቃ ያስተማርሻቸው አንች ነሽ» አሉኝ ጋሽ ደሴ። እውነታቸውን ነው።

እሑድ፣ ጥር 20

ብቻዬን ሄጄ ላየው ወደድኩ። ቤቱ ያምራል። ውስጡ ገና እርጥብ ነው፤ የጭቃና የጭድ ሽታ። በሁለቱም በር ብርሃን ይገባል፣ መሐል ላይ ይገናኛል። መስኮቶቹ ትንንሽ ናቸው፤ እውነት ለመናገር ያለ ሁለተኛው በር ጨለማ ነበር የሚሆነው። ይህን ለወረዳው ጓድ ልለው እችላለሁ? «በጥናት የተደረገ ነው» ልበል?

ቄስ አለባቸው ሲያልፉ አገኙኝ። «ቤተ ክርስቲያን ስንት በር አለው?» አሉ።

«ሦስት።»

«ታዲያ ማን ተቆጣን?»

ወረዳው ይቆጣል፣ አባ። በተለይ ቤተ ክርስቲያንን ምሳሌ ካደረግሁለት።

አንድ ሐሳብ መጥቶብኝ ነበር። ጭቃው አለ፣ ውሃም አለ፤ ማንም ሳያየኝ አንዱን ራሴ ልድፈነው። ቆምኩ፣ ወደ ላይ አየሁ፣ ወደ ታች አየሁ። የቱን? አልቻልኩም። ተመለስኩ።

ሰኞ፣ ጥር 21

አስተርእዮ ማርያም። ማንም ሥራ አልነካም፣ ልጆችም አልመጡም። ሁለቱም አምባ እኩል ያከበረው ቀን ዛሬ ብቻ ነው። ነፋሱ ከጠዋት ጀምሮ ግድግዳውን እያደረቀልኝ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አመሰገንኩት።

የምፈራቸው ነገሮች፦ በሩ። ጭቃው መሰንጠቁ። ልጆቹ ስለ ስድስት ወር መናገራቸው። ደባርቅ መመደቤ። አለመመደቤ? አይ፣ እሱን አሁን አልፈራም።

የዝና መንገድ ላይ አገኘችኝ። «መምህር፣ ቆርቆሮውን ከወሰዱት እኔና ማንደፍሮ አለቃነታችን ያበቃል?» አለች። «አያበቃም» አልኳት። በምን ሥልጣን እንዳልኳት አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ጥር 22

መጣ። ከኋላው ባዶ የጭነት ኮርቻ የተጫነ በቅሎ ተከትሎት ሲመጣ አየሁ። ቆርቆሮውን ሊጭን ነው የመጣው።

ወጣት ነው፣ ከእኔ ብዙ አይበልጥም። ሥዕሉን ዘረጋ፣ ቤቱን ዞረ። በላይ በር ገባ፣ በታች በር ወጣ። ተመልሶ በታች ገባ፣ በላይ ወጣ። የሁለቱም አምባ ሰው በየወገኑ ቆሞ ያየዋል።

«ሥዕሉ አንድ በር ይላል» አለ። «የቱ ነው በሩ?»

ጋሽ ደሴ ወደፊት መጡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ጓድ፣ በሩ በታች በኩል ያለው ነው። ይሄ በላይ በኩል የምታየው መስኮት ነው። ጭቃው አጠረንና እስከ መሬት ወረደ።»

ማን እንደተናገረ ለማረጋገጥ ሁለት ጊዜ አየኋቸው። ከላዮቹ አንዱ አጉረመረመ፤ ጋሽ ደሴ ዞረው አላዩትም።

ቄስ አለባቸው በትራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ፊታቸው ቀላ። ከዚያ እሳቸውም ወጡ። «የለም፣ ደሴ ትሕትና ይዞት ነው። በሩ የላዩ ነው። የእኛው ነው መስኮቱ። ለብርሃን ብለን ነው፣ ልጆቹ አይናቸው እንዳይደክም።»

«አባ፣ በሩማ የናንተው ነው» አሉ ጋሽ ደሴ።

«ተው ደሴ፣ መስኮት ነው አልኩ!»

«መስኮቱ የኔ ነው ብያለሁ!»

ጓዱ ወዲያና ወዲህ አየ። «እንግዲህ በር የሌለው ቤት ነው የሠራችሁት ማለት ነው?»

መጀመሪያ የሳቀው ማንደፍሮ ነው። ከዚያ ማንም ራሱን መግታት አልቻለም። ጓዱም ሳቀ፤ ሳቁን ሊቆጣጠር ሞክሮ ነበር፣ አየሁት።

ሳቁ ሲያበቃ ልጆቹን ጠየቀ። «የክፍል አለቃ ማን ነው?»

የዝና ተነሣች። ማንደፍሮም። «ሁለታችንም ነን» አለች። «ትምህርት ቤት እስኪዘጋ። ከዚያ እንወርዳለን።»

«ከዚያስ?»

«የበደልነው ካለ ይጠይቀናል።»

ወደ እኔ ዞረ። ጋሽ ደሴ ባርኔጣቸውን ወደ ታች ሳቡት። «ጂኦግራፊ ነው» አልኩ። «ስለ ትንንሽ አገሮች።»

«ጥሩ ነው» አለ። «ከክፍል አይውጣ እንጂ።» ከዚያ ግድግዳውን በጣቱ ነካ፣ ጭቃው ጣቱ ላይ መጣ፣ ሱሪው ላይ ጠረገው። «ቆርቆሮው ለጊዜው ይቆይ።»

ለጊዜው! ሌላ ምንም አልጨመረም። እልልታው ከሁለቱም ወገን ሲነሣ በቅሎው ደንግጦ ሊያመልጥ ደረሰ። ባዶውን እንደመጣ ባዶውን ወደ ደባርቅ ሲሄድ አፋፉን እስኪያልፍ በአይኔ ሸኘሁት።

ነገ ሉክሰምበርግ ነው የማስተምረው። ላዮች በላይ ይገባሉ፣ ታቾች በታች፤ ዛሬ ከሰዓት ግን የዝና በታቹ በር እየሮጠች ገብታ በላዩ ስትወጣ፣ ማንደፍሮም ተከትሏት ሲዞር አየሁ። ቤቱ መንገድ ሆኗል።

አሁን ቁጭ ብዬ የማስበው አንድ ነገር ነው። «ለጊዜው» ማለት ስንት ወር ነው? ስድስት ከሆነ ይበቃናል።